በቤታችን ስላየናቸው ሦስት ፊልሞች

ቀድሞ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም አውጥቶለት እንደ ነበረ ከሽማግሎች ሰምተናል። ያ ሰይጣን የተባለው ነገር ዛሬ ከደጅ ተነሥቶ ወደየቤታችን ገብቶ፥ ከመሶቡና ከረከቦቱ አጠገብ ስፍራ ይዞ ተቀምጧል። ፊልም ለማየት ካባ ደርቦ መውጣት ቀርቶ፥ ሰው በገዛ ወንበሩ ላይ ሁኖ የሩቅ ሀገር ሰዎችን ኑሮ በአንድ ማታ ለመመልከት ይችላል። ይህም ነገር ጥቅምና ጕዳት አለው። ጥቅሙ አያትና የልጅ ልጅ በአንድነት ተቀምጠው ለማየት መቻላቸው ነው። ጕዳቱም ፊልሙ ሳያልቅ አንዱ ለቡና፥ አንዱ ለስልክ፥ አንዱም ለእንቅልፍ እየተነሣ ፍሬ ነገሩ መበተኑ ነው።

ስለዚህ በቤታችን አንድ ሥርዐት አወጣን። ይኸውም እሑድ ማታ ከራት በኋላ አንድ ፊልም ብቻ እንዲታይ፥ ስልኮቹም ሁሉ በአንድ ሌማት ተሰብስበው ጓዳ እንዲገቡ፥ ፊልሙ ባለቀ ጊዜ ከታናሽ ጀምሮ እያንዳንዱ አሳቡን እንዲናገር ነው። ከታናሽ የጀመርንበት ምክንያት ለአንባብያን የተሰወረ አይደለም፤ አባት አስቀድሞ ከፈረደ፥ ልጅ የተለየ አሳብ ቢኖረው እንኳ ለመናገር ያፍራልና።

በነዚህ ሳምንታት እናታችን ከመንዝ መጥተው ከኛ ጋራ ነበሩ። የመጡትም ዓይናቸውን ሞራ ስለ ጋረደው ሐኪም እንዲያያቸው ነው። የቴሌቪዥኑ ሥዕል እንደ ጭጋግ ስለሚሆንባቸው፥ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጃችን ከእግራቸው አጠገብ ተቀምጣ የሚታየውን ሁሉ ትነግራቸዋለች፤ ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ የሆነ እንደ ሆነም፥ ከሥዕሉ ግርጌ የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታሰማቸዋለች። ለዚህ ሥራዋ ደመወዟ የእናታችን ምርቃት ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ያየነው የሀገራችን ሰው ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው «ላምብ» የተባለው ፊልም ነው። ይህ ፊልም በ2015 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተሠርቶ፥ በፈረንሳይ ሀገር በካን ከተማ በሚደረገው የፊልም በዓል በይፋ ተመርጦ በመታየት ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍሬም የሚባል ሕፃን እናቱ በሞተችበት ጊዜ አባቱ ከዘመድ ቤት አስቀምጦት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለሕፃኑ ከቀድሞ ቤቱ የቀረችው ጩኒ የምትባል በጉ ብቻ ናት። አጎቱም ለበዓል ትታረድ ብሎ ይቈርጣል። ኤፍሬም ግን ከእናቱ የተማረው የወጥ ቤት ሙያ ስላለው፥ ሳምቡሳ እየሠራ በገበያ ሸጦ በጉን ይዞ ወደ ሀገሩ ለመመለስ ያስባል። መጨረሻውን ላላዩት ሰዎች ስንል አንናገርም።

የተራራው ሥዕል እጅግ ያማረ ነው። እንዲያውም በኛ አስተያየት አንዳንድ ጊዜ ውበቱ ስለ በዛ ችግሩን ይሸፍነዋል። ልጃችን «እማማ፥ አገሩ እንዴት ያምራል መሰለዎ!» ብትላቸው፥ እናታችን «ተራራ የሚያምረው ለማያርሰው ነው» ብለው መለሱላት። ልጁ ወጥ ሲሠራ አጎቱ በተቈጣ ጊዜ ደግሞ ታላቁ ልጃችን ሣቀ። እናታችንም ሣቁን ሰምተው «ወጡን ሲበላ ወንድ ነኝ ያላለ፥ ሲሠራ ለምን ይላል?» አሉት። በማግስቱ ይኸው ልጃችን ማንም ሳያዘው ጓዳ ገብቶ ሽንኵርት ሲልጥ አገኘነው። ዓይኑ ቢያለቅስም ሙያው አላስከፋንም።

በሁለተኛው እሑድ «የቢሲክሌት ሌቦች» የሚባለውን የኢጣልያ ፊልም አየን። ያዘጋጀው ቪቶርዮ ዴ ሲካ ሲሆን፥ የተሠራበት ዘመን 1948 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሮማ ከተማ አንቶንዮ የሚባል ሥራ ፈት ሰው ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ነገር ግን ለሥራው ቢሲክሌት የግድ ስለ ሆነ፥ ሚስቱ የአልጋውን አንሶላዎች በመያዣ ሰጥታ የተያዘውን ቢሲክሌት ታስለቅቅለታለች። በሥራው በመጀመሪያው ቀን ቢሲክሌቱ ይሰረቃል። አባትና ብሩኖ የሚባለው ትንሽ ልጁ ከተማውን ሲያስሱ ይውሉና፥ በመጨረሻ አባት ተስፋ ቈርጦ የሰው ቢሲክሌት ሊሰርቅ ሲል ይያዛል። ባለንብረቱም የሕፃኑን ልቅሶ አይቶ ይለቀዋል። አባትና ልጅ በሕዝቡ መካከል ሲሄዱ ልጁ የአባቱን እጅ ይይዛል፤ ፊልሙም በዚሁ ያልቃል።

የአባትየውን ሥራ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ በሙያው ተዋናይ አልነበረም። ስለዚህም ይመስለናል፥ መሰላሉን ተሸክሞ ሲሄድ የሚታየው ድካም የተማረው ሳይሆን የኖረበት ሁኖ የተገኘው።

የእናታችን አባት በ1935 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጣልያን ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ከመንዝ አርበኞች ጋራ ሆነው የተዋጉ ሰው ናቸው። እናታችን ፊልሙን ዝም ብለው ካደመጡ በኋላ፥ «አባቴ የጣልያንን ነገር ሲያወሩን ስለ አውሮፕላኑና ስለ መርዙ ነበር። አንሶላውን አስይዞ የሚያድር ጣልያን መኖሩን አልነገሩንም» አሉ። ጥቂት ቈይተውም «ያኛውን ይቅር አልልም፤ ለዚህኛው ግን አዘንኩ» አሉ። እኛም ከዚህ የበለጠ ፍርድ አናውቅም።

ልጃችን ግን ሌላ ነገር ጠየቀን። «አባባ፥ እርስዎ በሱ ስፍራ ቢሆኑ ይሰርቁ ነበርን?» አለ። እኛም ወዲያው «አንሰርቅም» ብለን መለስን። እናታችን ከተቀመጡበት ሁነው «እንዲህ ቶሎ የሚመልስ ያልተራበ ነው» አሉ። ልጆቹ ሣቁ፤ እኛም ሣቅን። ነገር ግን ያን ሌሊት ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ አደርን።

በሦስተኛው እሑድ ያሱጂሮ ኦዙ በ1953 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያዘጋጀውን «የቶኪዮ ታሪክ» የተባለውን የጃፓን ፊልም አየን። ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት ያልፋል፤ ጦርነትም ሆነ ሩጫ የለበትም። ኦኖሚቺ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌና አሮጊት ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ለማየት ወደ ቶኪዮ ይመጣሉ። አንዱ ልጃቸው ሐኪም ነው፤ አንዲቱ የሴቶች ጠጕር ማስዋቢያ ቤት አላት። ሁሉም ሥራ ይዟቸዋል። ወላጆቻቸውን ከተማ የሚያሳይ ሰው ስለ ታጣ፥ ገንዘብ አዋጥተው አታሚ ወደሚባለው የፍል ውሃ ስፍራ ይሰዷቸዋል። ስፍራው ጫጫታ የበዛበት በመሆኑ ሽማግሎቹ እንቅልፍ አጥተው ያድሩና ሳይታሰብ ይመለሳሉ። በጦርነት የሞተው የልጃቸው ሚስት ኖሪኮ ብቻ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ታስጐበኛቸዋለች፤ እናቲቱንም በጠባብ ቤቷ ታሳድራቸዋለች። ወላጆቹ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ እናቲቱ ታማ ጥቂት ሳትቈይ ትሞታለች። ልጆቹም ለቀብር ደርሰው በቶሎ ወደየሥራቸው ይመለሳሉ።

በሥርዐታችን መሠረት ታናሺቱ ልጃችን ጀመረች። የጠጕር ማስዋቢያ ያላት ልጅ እናቷ ከተቀበረች ወዲያው ልብሷን ለመታሰቢያ መጠየቋን አንሥታ፥ ክፉ ናት ብላ ፈረደች። ወንድሟም በዚሁ ተስማማ። ባለቤታችን «ቤትና ሥራ ያላት ሴት ናት፤ ክፉስ አትባልም» አለች። ከዚያ በኋላ ተራው የኛ ሆነ። ስለ አዘጋጁ ጥበብ ሰፊ ንግግር አደረግን። ሥዕሉ የሚነሣው በምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ትክክል ዝቅ ተብሎ መሆኑን፥ በዚህም ተመልካቹ በዚያ ቤት እንግዳ ሁኖ እንደ ተቀመጠ እንደሚሰማው አስረዳን። የተናገርነው ሁሉ እውነት ነበረ።

በመጨረሻ እናታችን «ልጆቹስ ክፉ አይደሉም፤ ሥራ በዝቶባቸው ነው» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «እኔም እስከ ረቡዕ ወደ ሀገሬ ብመለስ ይሻላል። የመኪናውን ነገር አስቡልኝ» አሉ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ በዚያች ሰዓት ቀናቱን ቈጠርን። እናታችን ከመጡ ስድስት ሳምንት ሆኖ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ስብሰባ፥ በሁለተኛው የሂሳብ መዝጊያ፥ በሦስተኛው እንግዳ እያልን ሐኪም ዘንድ ሳናደርሳቸው ቀረን። እንግዶቹ በመጡ ጊዜ ደግሞ አልጋው ስለ ጠበበን፥ እናታችንን «ጥቂት ይናፈሱ» ብለን ወደ አክስታችን ቤት ሰድደናቸው ነበር። እሳቸውም በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። አታሚን ልጃችን እየተረጐመች ስታሰማቸው ዝም ያሉት ስለ ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን። ታናሺቱ ልጃችን የአያቷን ጕልበት ይዛ ወደኛ ትመለከት ነበር። የተናገረን ሰው ግን አልነበረም።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤታችን ፈቃድ ጠይቀን እናታችንን ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድናቸው። ሐኪሙም መርምሮ የሁለቱም ዓይን ሞራ የበሰለ መሆኑን፥ አንዱ አስቀድሞ ሌላው በኋላ እንደሚሠራ ነገረን። ሥራው ዓይኑን ብቻ በማደንዘዝ የሚፈጸም ሲሆን፥ የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ወጥቶ በስፍራው ሰው ሠራሽ ይተካበታል። ታማሚውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይገባል። ስድስት ሳምንት ያሳደርነው ነገር በአንድ ቀን ጧት ተፈጸመ።

ሞራ በሀገራችን ለዕውርነት ዋነኛው ምክንያት መሆኑን አንባብያን እንዲያውቁት እንወዳለን። ይህም ዕውርነት በሐኪም እጅ የሚመለስ ስለ ሆነ፥ በቤቱ «ጭጋግ ታየኝ» የሚል አረጋዊ ወላጅ ያለው ሰው «ከበዓል በኋላ፥ ሥራ ሲቀልል» እያለ ቀጠሮ እንዳያራዝም እናሳስባለን። ሥራ የሚቀልልበት ሳምንት እስከ ዛሬ በኛ መሥሪያ ቤት አልታየም።

ስለ ፊልሞቹም ምክር የሚፈልግ ሰው ቢኖር፥ ከሕፃናት ጋራ ለሚያይ «ላምብ» ይስማማዋል። «የቢሲክሌት ሌቦች» ዐዋቂ ለሆኑ ልጆች ይሻላል፤ ወላጅም ከሚጠየቀው ጥያቄ ጋራ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። «የቶኪዮ ታሪክ» ግን ወላጆች በቤት ሳሉ ቢታይ መልካም ነው።

የእናታችን አንዱ ዓይን ድኖ ማሰሪያው በተነሣ በሁለተኛው እሑድ፥ ሌላ አዲስ ፊልም አዘጋጅተን ነበር። እሳቸው ግን «ያችን የሞተችውን አሮጊት አሳዩኝ» አሉን። ልጃችን ፊልሙን ከፍታ አሮጊቲቱ ከባሏ ጋራ በባሕሩ ዳር በተቀመጠችበት ስፍራ ላይ አቆመችላቸው። እናታችን ቀረብ ብለው፥ እጃቸውን በግንባራቸው ላይ ጋርደው ብዙ ጊዜ ተመለከቷት።

በመጨረሻም «ወፍራም ናት እንዴ? እኔ ስሰማ ከሲታ መስላኝ ነበር» አሉ። ከዚያም ወደ ልጃችን ፊት ዘወር ብለው እሷንም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ተመለከቷት።