አስተያየት ስጡኝ ባዩ በዛ

«‹ዌብሳይቴን ጎብኙልኝ› አትበሉ፤ ‹አስተያየት ስጡኝ› በሉ። ያኔ ስፓም አይመስልባችሁም።»

ይህን ያለው እዚህ መቄት ወረዳ፣ ፍላቂት ከተማ ለወጣቶች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የመጣ አንድ የዲጂታል ማርኬቲንግ አሠልጣኝ ነው። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ደሜ ፈላ። ምክሩ አዲስ ሆኖብኝ አይደለም፤ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያናደደኝ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ፣ ያውም እንደ ጨዋነት ትምህርት መሰጠቱ ነው። ሰውየው ሰው አታስቸግሩ አላለም። ስታስቸግሩ አይታወቅባችሁ ነው ያለው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ጭንቀቱ ሁሉ «አይመስልም» ላይ ነው። ሥራችሁ ይታረም አይታረም፣ የተጠየቀው ሰው ጊዜ አለው የለውም፣ ነገሩን ያውቃል አያውቅም፣ ስለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አልወጣውም። ሌላው «ሥነ ምግባሩም» ያው ነው። መጀመሪያ የሌሎች ሰዎች ፖስት ሥር ገብታችሁ አሥር ኮሜንት ጻፉ፣ ከዚያ የራሳችሁን ልጠፉ ይላል። ስለዚህ ልጆቹ ይገባሉ፤ «ቆንጆ ሥራ ነው ወንድሜ»፣ «በርታልን»፣ «ዋው»። ያላዩትን ሥራ ያመሰግናሉ። አሥሩ ሲሞላ ሊንካቸውን ጣል ያደርጋሉ፤ እነሱንም በተራቸው ሥራውን ያላየ ሰው «ዋው» ይላቸዋል። ሁሉም ተመሰጋግኖ ይለያያል፤ የታረመ ነገር ግን የለም።

እውነቱን ለመናገር የአሠልጣኙ ብልሃት ከስፓም ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የዓለም የመጀመሪያው ስፓም የሚባለው መልእክት የተላከው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ጋሪ ተርክ የሚባል የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ሠራተኛ፣ የኢንተርኔት አባት በሆነው አርፓኔት ላይ ወደ አራት መቶ ለሚጠጉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ላከው። ታዲያ «ኮምፒውተራችንን ግዙን» አላለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዝግጅት አለን፣ ኑና አዲሱን ማሽናችንን እዩ ብሎ በትሕትና ጋበዘ። ግብዣ ነበር! ተቀባዮቹ ግን አልተሸወዱም፤ ቁጣው ወዲያው መጣ፣ የአርፓኔት ኃላፊዎችም ገሠጹት። እንግዲህ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ የእኛው አሠልጣኝ የተርክን ግብዣ አድሶ እንደ ግኝት ይሸጥልናል።

ልጆቹን አልወቅስም። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሰርተፍኬት ይዞ የመጀመሪያ ድረ ገጹን የሠራ ወጣት እንደ መቄት ባለ ወረዳም ይገኛል፤ እሰየው። የሠራውን ለሰው ማሳየት ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? ችግሩ የሚጀምረው ከእውነተኛ አስተያየት ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ነው። በአንድ ግሩፕ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ «የተከበራችሁ የግሩፑ አባላት፣ ትንሽ ነገር ሞካክሬ ነበር፣ እስቲ አስተያየታችሁን ጣል አድርጉልኝ» ብሎ ሊንክ ለጠፈ። አንዲት ሴት ከልቧ ገብታ ሞከረችውና፣ «የምዝገባ ቅጹ በ07 የሚጀምር ስልክ ቁጥር አይቀበልም፤ በ09 ብቻ ነው የሚያልፈው» ስትል ጻፈችለት። የሳፋሪኮምን ደንበኛ ሁሉ ደጅ የሚያስቀር ስሕተት ነው። የልጁ መልስ ምን ሆነ? «አመሰግናለሁ እህቴ፣ ቻናሌን ጆይን ማድረግ እንዳትረሺ።» አለቀ። ቁጥሩ ዛሬም አያልፍም።

ይህ ልጅ የተማረውን ነው ያደረገው። አስተያየት መጠየቅ በር መክፈቻ ነው ተብሏል፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ አስተያየቱን ምን ያደርግበታል? የአሠልጣኙም የራሱ ሥራ ከዚህ አይሻልም። ሥልጠናው ሲያበቃ እሱም አስተያየታችንን ጠየቀን። በስልክ የላከልን ፎርም «ሥልጠናውን እንዴት አገኙት?» ይላል፤ ምርጫዎቹ «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» እና «እጅግ በጣም ጥሩ» ናቸው። ፎርሙን ያልሞላ ደግሞ ሰርተፍኬት አያገኝም። እኔ ወረቀቱ ስለማያስፈልገኝ ተውኩት።

ሌላው ማንም የማያነሳው ነገር የሚጠየቀው ሰው ኪስ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ስንቆይ፣ አንዲት መልእክት ማድረስ ምን ያህል እንደሚያስመኝ የማያውቅ የዚህ አገር ሰው የለም። ዛሬም ዳታ በፓኬጅ ተገዝቶ ተቆጥቦ ነው የሚበላው። በትልልቅ ፎቶ የተጨናነቀ ገጽ ሊንክ ሺህ ሰው ላለበት ግሩፕ ወርውሮ «አስተያየታችሁን» ማለት፣ የሰውን ፓኬጅ ሳይጠይቁ መብላት ነው። ገጹ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ሰውየው ገብቶ ምኑን እንዲያይለት እንደተፈለገ አንድ መስመር አይጻፍም። ይህ ሁሉ ተረስቶ «ሰላም የተከበራችሁ» ማለቱ ብቻ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል።

አስተያየት መቀበልን ለመቄት ልጅ ከማርኬቲንግ የመጣ ሰው ማስተማሩም ራሱ ያስቀኛል። ጎረቤታችን ዋድላ በቅኔ ቤቷ አገር ያወቃት ናት። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርባል፣ ይነግራል፤ መምህሩ ግሱን፣ ቤቱን፣ ምስጢሩን ያርምለታል። ጀማሪው የሚያቀርበው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤቱ መወድስ ከስንት እርማት በኋላ ይመጣል። ስሕተቱ የሚሰማው እዚያው፣ በሚያውቅ ሰው ፊት ነው። ማኅሌት ላይ ቆሞ፣ ምእመኑ ሁሉ እየሰማ፣ «ቤቱ ይመታል ወይ? አስተያየት ስጡኝ» የሚል ተማሪ ቢነሳ ምን ይባል ነበር? ጉባኤው «ይበል» የሚለው ታርሞ ያለቀውን ነው። አሠልጣኛችን ግን ያልታረመውን ይዛችሁ ማኅሌት ግቡ ይለናል፤ «ይበል» እስኪባል ድረስም ለአሥር ሰው «ይበል» በሉ።

የሚታረም ሥራ ያለው ሰው አጠያየቁ ያስታውቃል። «በ07 የሚጀምር ስልክ ያላችሁ፣ ምዝገባው ያልፍላችኋል?» «በጳጉሜን የተወለደ ሰው የልደት ቀኑን ማስገባት ይችላል?» «የአባት ስም የሚለው ቦታ ላይ ምን ጻፋችሁ?» እንዲህ ብሎ ለጠየቀ ማን ነው ስፓም የሚለው? ጥያቄው ጠባብ ነው፣ መልሱ አጭር ነው፣ ለሺህ ሰው መበተንም አያስፈልገውም፤ አምስት የሚያውቁ ሰዎች ይበቁታል። ማስታወቂያ የፈለገም ማስታወቂያ ነው ብሎ ያስነግር፤ ነውር የለበትም። ነውሩ ሁለቱን ማደባለቁ ነው።

አድሚኖችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ሊንክ ባዩ ቁጥር «ስፓም ክልክል ነው» ብለው ያጠፋሉ፤ ከላይ ፒን ያደረጉት መልእክት ደግሞ «ማስታወቂያ ለማሠራት አድሚኑን ያናግሩ» ይላል። እነሱን የሚያስቆጣቸው ሳይከፈል የተለጠፈው ብቻ ነው። ሕግ ማውጣት ከፈለጉ አንድ ይበቃል፦ አስተያየት የጠየቀ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ በተነገረው መሠረት ምን እንዳረመ ይጻፍ። ያልጻፈ ከግሩፑ ይውጣ።