የምህንድስና አማካሪ ድርጅቶች መስፋፋትና የተገልጋዩ ድርሻ፦ ሀዋሳ እንደ ማሳያ

በሀዋሳ ከተማ መኖሪያ ቤት ለመገንባት ወይም በነባር ቤቱ ላይ ወለል ለመጨመር የሚያስብ ነዋሪ ከጥቂት ዓመታት በፊት ንድፍ ለማሠራት ወደ አንዱ፣ አፈር ለማስመርመር ወደ ሌላው፣ ግንባታ ለማስቆጣጠር ደግሞ ወደ ሦስተኛው ባለሙያ መሄድ ነበረበት። አሁን ግን የምህንድስና አማካሪ ድርጅቶች ባለሙያዎቻቸውን እያበዙ፣ ቅየሳን፣ የአፈር ምርመራን፣ የሥነ ሕንጻና የመዋቅር ንድፍን፣ የግንባታ ቁጥጥርንም በአንድ ጣሪያ ሥር ለመስጠት ይሠራሉ። ይህ አካሄድ ለተገልጋዩ ምን ይጨምርለታል? ምንስ ሊያሳጣው ይችላል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ የዚህ አካሄድ ጉልህ ምሳሌ በ2008 ዓ.ም. የተፈጸመው ውህደት ነው። የውሃ ሥራዎች ዲዛይንና ቁጥጥር፣ የትራንስፖርት ኮንስትራክሽን ዲዛይን እና የኮንስትራክሽን ዲዛይን ድርጅቶች ተዋሕደው የኢትዮጵያ ኮንስትራክሽን ዲዛይንና ሱፐርቪዥን ሥራዎች ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ኮርፖሬሽኑ ኋላ ላይ የኢትዮጵያ ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን የሚለውን ስያሜ ይዟል። የውህደቱ አመክንዮ ግልጽ ነው። ግድብ ያለ መንገድ፣ መንገድ ያለ ድልድይና ፍሳሽ ማስወገጃ፣ ሕንጻም ያለ አፈር ጥናት አይታሰብም። የአንዱ ሙያ ስህተት በሌላው ሥራ ላይ የሚገለጥ ከሆነ፣ ባለሙያዎቹ ከመጀመሪያው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ጊዜንም ገንዘብንም ያድናል።

ይህ ቅንጅት በሀዋሳ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት ከከተማዋ አቀማመጥ ይመነጫል። ሀዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ የገጽ ምድር መውጫ ከሌለው ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከሥሯ ያለው መሬት በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ልል ድንጋይና አመድ እንዲሁም ሐይቁ ያስቀመጠው ደለል ነው። በሐይቁ አቅራቢያ በሚገኙ ሥፍራዎች የከርሰ ምድር ውሃ ለመሠረት ቁፋሮ ቅርብ ነው። በጥር 2008 ዓ.ም. በከተማዋ የተሰማው የመሬት መንቀጥቀጥ ሕዝቡን አስደንግጦ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥም ጉዳዩ የመላው ስምጥ ሸለቆ መሆኑን አስታውሷል። የሕንጻ ንድፍ ደረጃዎቻችንም የመሬት መንቀጥቀጥን በስሌት ውስጥ ማስገባትን ይጠይቃሉ። ስለዚህ በጎረቤት ግቢ የቆመን ቤት መሠረት አይቶ መቅዳት በሀዋሳ አስተማማኝ መንገድ ሊሆን አይችልም፤ በአጭር ርቀት የአፈሩ ጠባይ ሊለወጥ ይችላልና።

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ፓርክ የፋብሪካ ሼዶች ብቻ አይደለም። ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለመጠቀምና ወደ ሐይቁ እንዳይለቀቅ ለማድረግ የታቀደ የማጣሪያ ጣቢያም የዕቅዱ አካል ነበር። የመዋቅር፣ የውሃ፣ የኤሌክትሪክና የአካባቢ ጥበቃ ምህንድስና ካልተቀናጁ እንዲህ ያለ ሥራ አይፈጸምም። በአነስተኛ ደረጃ ሲታይም ሆቴል፣ ክሊኒክ ወይም የኪራይ ሕንጻ የሚሠራ ባለሀብት የሚገጥመው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል?

ይሁንና የድርጅት መስፋት ሁልጊዜ የአገልግሎት ጥራት ማለት አይደለም። ዋናው ስጋት አገልግሎቱ ከባለሙያው ፈጥኖ ሲያድግ ይታያል። አንድ ልምድ ያለው መሐንዲስ ቀድሞ ይከታተል በነበረው ሥራ ላይ ብዙ ሌሎች ቢጨመሩበት፣ በወረቀት ላይ ፊርማው ይኖራል፤ በግንባታው ሥፍራ ግን እርሱ አይገኝም። የግንባታ ጥራት ደግሞ የሚወሰነው በጥቂት ወሳኝ ሰዓታት ነው፦ መሠረቱ ተቆፍሮ አፈሩ ሲታይ፣ ብረቱ ታስሮ ከአርማታ ሙሌት በፊት ሲፈተሽ፣ የአርማታው ናሙና ተወስዶ በ28ኛው ቀን ጥንካሬው ሲለካ። እነዚህ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ጉድለቱ በልስን ይሸፈናል፤ ለማረምም እጅግ ውድ ይሆናል።

ሁለተኛው ስጋት የቁጥጥር ነጻነት ነው። ንድፉን የሠራው ድርጅት ግንባታውን ቢቆጣጠር የተለመደ አሠራር ነው፤ የራሱን ሐሳብ ያውቃልና። ተቆጣጣሪው ከሥራ ተቋራጩ ጋር በጥቅም የተሳሰረ ከሆነ ግን ባለቤቱ የሚከፍለው ለራሱ ዓይን ሳይሆን ለተቋራጩ ምስክር ይሆናል።

በመሆኑም ተገልጋዮች ውል ከመፈጸማቸው በፊት የሚከተሉትን ቢያረጋግጡ ይጠቀማሉ። በቅድሚያ ሕንጻው በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ ማወቅ ያስፈልጋል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፤ ምድብ «ሀ» አነስተኛና ቀላል ሕንጻዎችን፣ ምድብ «ሐ» ሕዝብ የሚገለገልባቸውን፣ ፋብሪካዎችን እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሲይዝ፣ ምድብ «ለ» በሁለቱ መካከል ያሉትን ይመለከት ነበር። በማመልከቻው ወቅት በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌና የሚቀርቡትን ሰነዶች ከከተማው የሕንጻ ሹም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመቀጠል የድርጅቱ የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ የታደሰ መሆኑን፣ ንድፉን የሚፈርመው ባለሙያም በስሙ የተመዘገበ መሆኑን መመልከት ይገባል። የድርጅቱ ስም ትልቅ መሆኑ የባለሙያውን ማንነት አይተካም። በውሉ ላይ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በስም እንዲጠቀስ፣ በግንባታው ሥፍራ የሚገኝባቸው ደረጃዎችም በዝርዝር እንዲጻፉ ይመከራል። እያንዳንዱ ጉብኝት በጽሑፍ ተመዝግቦ ቅጂው በባለቤቱ እጅ መቅረት አለበት። የአፈር ምርመራ ውጤቱም በሚገነባበት ቦታ ላይ የተሠራ እንጂ ከሌላ ይዞታ የተወሰደ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያሻል።

ከዚህ በተጨማሪ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ሕንጻውን ካስረከበበት ጊዜ አንሥቶ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጽናት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህ መብት በተግባር የሚጠቅመው ግን ውሉ፣ ንድፉ፣ የፍተሻ ውጤቶቹና የርክክብ ሰነዱ ተጠብቀው ሲገኙ ነው። ሰነዱን የጣለ ባለቤት መብቱን ለማስረዳት ይቸገራል።

በሀዋሳ የምህንድስና ድርጅቶች ማደግ ለወጣት ባለሙያዎች ሥራ፣ ለነዋሪውም አማራጭ የሚሰጥ መልካም ለውጥ ነው። የዕድገቱ ትክክለኛ መለኪያ ግን የቀረቡት አገልግሎቶች ብዛት ሳይሆን መሠረቱ በሚሞላበት ጠዋት ኃላፊነቱን የተቀበለው መሐንዲስ በጉድጓዱ አፋፍ መገኘቱ ነው። ተገልጋዩም ይህን የመጠየቅ መብት ያለው መሆኑን ሊዘነጋው አይገባም።