ጤፍን ማን ያውቀዋል?

በአንድ አገር ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው፣ ድንበር ሲሻገሩ ግን ስሙን እንኳ የሚጠራው የሚጠፋ ነገር በየአገሩ አለ። እዚህ ሳን ሆዜ አብረውኝ የሚሠሩት ሕንዶች የክሪኬት ግጥሚያ ሲመጣ ሌሊቱን ተቀምጠው ያነጉታል፤ ጎናቸው የተቀመጠው አሜሪካዊ ግን አንድ ጨዋታ አምስት ቀን ሊፈጅ እንደሚችል ሲነግሩት የሚቀልዱበት ይመስለዋል። አውስትራሊያውያን ዳቦ ላይ ቀብተው የሚበሉት ጥቁሩ ቬጂማይት ለሌላው ሰው የማሽን ግራሶ ነው የሚመስለው። የእኛው ደግሞ ጤፍ ነው። (ኤርትራውያን ወንድሞቻችን «የእኛም ነው እንጂ» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ልክ ናቸው።)

ነገሩን ከምግብ ቤት ጨዋታ አልፌ ማንሳት የፈለግሁት «የታወቀ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድና በሕግ ዘንድ አንድ ስላልሆነ ነው። ለእኛ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በየዕለቱ የሚበላው ነገር የታወቀ ነው። የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ማለትም ፓተንት ለሚሰጥ መርማሪ ግን የታወቀ ማለት በተግባር ሲታይ የተጻፈ፣ ቀን ያለበትና እርሱ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ፈልጎ ሊያገኘው የሚችል ነገር ነው። የአውሮፓ ሕግ በቃል የተነገረውንና በሥራ ላይ የዋለውንም ይጨምራል፤ ሆኖም ማስረጃውን ይዞ የሚቀርብ ሰው ከሌለ እንደሌለ ይቆጠራል። ጤፍ አንድ ጊዜ በእነዚህ ሁለት ትርጉሞች መካከል ባለው ክፍተት ወድቆ ነበር። ክፍተቱ ዛሬም አልተደፈነም።

ዓለም ጤፍን ፈጽሞ አያውቅም ማለት ግን ውሸት ይሆናል። የለንደኑ የኪው የዕፅዋት ተቋም በ1886 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የጤፍ ዘር ለቅኝ ግዛቶችና ለሌሎች አገሮች አሰራጭቷል። ዘሩ ሕንድ፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዷል። ምን አደረጉበት ቢሉ ለከብትና ለፈረስ ሰጡት። በደቡብ አፍሪካ ጤፍ ሲባል ሰው የሚያስበው ድርቆሽ ነው። እዚሁ አሜሪካም የፈረስ ባለቤቶች ስለ ጤፍ ድርቆሽ ከእኛ በላይ ያወራሉ። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን ዞሮ አይቶ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከሎች መካከል መዝግቧታል። እንግዲህ ሊቃውንቱ ያውቁታል፣ ፈረሶቹ ይበሉታል፤ ሰው ብቻ ሳይቀምሰው መቶ ዓመት አለፈ።

ለምን? አንደኛው መልስ ከእህሉ ከራሱ ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ተቆጥሮ ቢመዘን አንድ ግራም አይሞላም፤ የአንድ ግራም ሲሶ ቢሆን ነው። ለስንዴ የተሠራ ማሽን እንዲህ ያለውን ፍሬ ከገለባው ጋር ይረጨዋል። አገዳው ቀጭን ስለሆነ ነፋስና ዝናብ ሲበረታበት ይተኛል። ሁለተኛው መልስ ራሳችን ነን። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች በሦስት ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ላይ የሚያመርቱትን እኛው እንጨርሰዋለን፤ ለሌላው የሚተርፍ ብዙ የለም። የተረፈ ቢኖር እንኳ መንግሥት በ2006 የጤፍ እህልና ዱቄት ከአገር እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር፤ እንጀራ ግን መላክ ይቻል ነበር። ሦስተኛው መልስ እንጀራው ነው። እርሾ፣ ምጣድ፣ የሁለትና የሦስት ቀን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሩዝ እንደሚገዙት ገዝተው፣ ቀቅለው፣ ወዲያው የሚበሉት ነገር አይደለም። የቦሊቪያው ኪንዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የየሱፐርማርኬቱን መደርደሪያ የያዘው ሃያ ደቂቃ ማፍላት ብቻ ስለሚበቃው ይመስለኛል።

በዚህ ሁሉ መካከል ጤፍን ወደ አሜሪካ ማጀት ያስገባው ስደታችን ነው። ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ ኢትዮጵያ ኖሮ ከተመለሰ በኋላ በ1980ዎቹ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዝራት ሲጀምር፣ ገዢዎቹ ከደርግ ሸሽተው በየከተማው የፈሰሱት የእኛ ሰዎች ነበሩ። በ«መስቀል» ስም የሚሸጠው ዱቄት ያኔ የተወለደ ነው። እንጀራ ፍለጋ ወጥተን እንጀራውን ራሱን አስከትለን መጣን ማለት ነው። ዛሬ ኦክላንድ በቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ለሚሄድ ሰው የሐበሻ ምግብ ቤት ብርቅ አይደለም፤ ሳን ሆዜም ቢሆን በላስቲክ የታሸገ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ አይጠፋም። ጤፍ ግሉተን ስለሌለበት ስንዴ የማይስማማቸው ፈረንጆችም ደርሰውበታል። የሥራ ባልደረባዬ ከሐኪሟ ሰምታ መጥታ «ይህን ታውቀዋለህ?» ስትለኝ ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ2005 የኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምሩ ድርጅት ኸልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። ኩባንያው የጤፍ ዝርያዎችን ተጠቅሞ ለአውሮፓ ገበያ ምግብ ይሠራል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከሚገኘው ትርፍ ድርሻ ታገኛለች። በወረቀት ላይ ሲነበብ የሚያኮራ ውል ነው። እንዲያውም ያን ጊዜ በብዝሃ ሕይወት ስምምነት መንፈስ የተጻፈ አርአያ ነው እየተባለ ይጠቀስ ነበር። ከዚያ የሆነው ግን ሌላ ነው። ከውሉ ጀርባ የነበሩት ሰዎች ቀደም ብለው ለአውሮፓ የፓተንት ቢሮ ማመልከቻ አስገብተው ነበርና በጥር 2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ተሰጣቸው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ፓተንቱ ግን አልከሰረም፤ ወደ ሌላ የእነዚያው ሰዎች ድርጅት ተሻግሮ ነበር። ኢትዮጵያ በእጇ የቀረው ከማንም ጋር የማያስተሳስር ውልና በጠቅላላው 4,000 ዩሮ ነው። የኖርዌዩ የፍሪትዮፍ ናንሰን ኢንስቲትዩት በ2012 ይህን ሁሉ ዘርዝሮ አውጥቶታል።

በሙያዬ የፓተንት ሰነድ ማንበብ ግድ ስለሚለኝ ይህንንም አንብቤዋለሁ። ብዙዎቻችን «ሆላንዶች እንጀራን ፓተንት አደረጉት» እያልን ነው የተቆጣነው፤ ሰነዱ የሚለው ግን ከዚያ ይጠባል፤ ለእኔ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ዋናው የይገባኛል ነጥብ በዱቄት ፋብሪካዎች በሚታወቅ አንድ መለኪያ ላይ የቆመ ነው። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ሲሞቅ እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ በውስጡ አንድ ዘንግ ይለቀቅና ለመውረድ የፈጀበት ሰከንድ ይቆጠራል። እህሉ የበቀለ ወይም ያልደረሰ ከሆነ ስታርቹን የሚሰብሩት ኢንዛይሞች ስለሚበዙ አጥሚቱ ይቀጥናል፣ ዘንጉም ቶሎ ይወርዳል። ፓተንቱ ሲፈጭ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 የሆነ የጤፍ ዱቄት የእኔ ነው ይላል። ቁጥሩ ከፍ የሚለውስ በምንድን ነው? እህሉን ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት አቆይቶ በመፍጨት።

ልብ በሉ። የምንጃርም ሆነ የአድአ ገበሬ ጤፉን አጭዶ፣ ከምሮ፣ ለሳምንታት አቆይቶ ነው አውድማ ላይ የሚያወጣው። ከወቃውም በኋላ ጎተራ አለ፣ ገበያ አለ፣ ወፍጮ ቤት አለ። «የእኔ ነው» የተባለው ዱቄት አያቶቻችን ሲጋግሩት የኖሩት ዱቄት ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ ዘንግ ጥለው ሰከንድ አለመቁጠራቸው ብቻ ነው። ያልተቆጠረውንና ያልተጻፈውን ነገር አንድ ሰው ቆጥሮ ጻፈው፤ የጻፈውም ባለቤት ተባለ።

በአውሮፓ ሕግ ማንኛውም ሰው ፓተንቱ በተሰጠ በዘጠኝ ወር ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ያ ዘጠኝ ወር ከኢትዮጵያ በኩል ድምፅ ሳይሰማ አለፈ። ለመሆኑ ማን ነፃ አወጣን? ባለ ፓተንቱ ኤንሸንትግሬይን የተባለው ድርጅት ቤክልስ ሲኒየር የተባለን ሌላ የሆላንድ የዳቦ ሥራ ኩባንያ «ያለ ፈቃዴ በጤፍ ትነግዳለህ» ብሎ ከሰሰው። ተከሳሹም ዝም ብሎ መክፈልን ትቶ «ይህ ፈጠራ አይደለም» ሲል ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤት ኅዳር 2018 ላይ ፓተንቱ የፈጠራ ደረጃ የለውም፣ በሆላንድ ውስጥም ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ። በየካቲት 2019 በዋሽንግተን የኢትዮጵያ አምባሳደር የነበሩት አቶ ፍጹም አረጋ ዜናውን በትዊተር ሲያበስሩ እኛም እዚህ ተደዋውለን ተደሰትን። ደስታው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ችሎት ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ሁለት የሆላንድ ነጋዴዎች ተጣሉ፣ እኛ አጨበጨብን። ማመልከቻው ከገባ ሃያ ዓመት ስላለፈ ዛሬ ፓተንቱ በሌሎቹም አገሮች ዕድሜው አብቅቷል፤ ግን ጤፍ በአውሮፓ ገበያ ሊታወቅ በሚችልበት ዋና ጊዜ በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር።

ሕንዶች እንዴት አደረጉ? በ1995 አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እርድ ቁስል ያደርቃል በሚል ፓተንት ሲወስድ የሕንድ የሳይንስ ምርምር ምክር ቤት የሳንስክሪት መጻሕፍትን ጨምሮ የቆዩ ጽሑፎችን ይዞ ቀረበ፤ ፓተንቱም በ1997 ተሰረዘ። በዚያ አላበቁም። ከ2001 ጀምሮ ባህላዊ ዕውቀታቸውን የፓተንት መርማሪ በሚያነባቸው ቋንቋዎች እየመዘገቡ የመረጃ ቋት ሠሩ፤ በ2009 ደግሞ ለአውሮፓ የፓተንት ቢሮ ቁልፉን ሰጡት። አሁን መርማሪው ከመፈረሙ በፊት ሊያይ ይችላል። አብረውኝ ያሉት ሕንዶች ክሪኬታቸውን ዓለም ባያውቅላቸው ግድ የላቸውም፤ እርዳቸው ግን ተመዝግቧል።

እኛም የማናውቀው መንገድ አይደለም። በ2005 መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ለማስመዝገብ ተነስቶ ከስታርባክስ ጋር ተፋጥጦ በ2007 ስምምነት ላይ ደርሷል፤ ያን ጊዜ በዚህ አገር ያለው ወገንም ደብዳቤ በመጻፍ አግዟል። በጤፍ በኩል ግን ሲደረግ የኖረው በአብዛኛው ክልከላ ነው። ክልከላውን የሚነቅፉ ነጋዴዎች አሉ፤ እኔ ሙሉ በሙሉ አልነቅፈውም። የአዲስ አበባ ሰው በ2023 መጀመሪያ ጤፍ እንዴት እንደተሰቀለበት ያየ፣ ነዋሪው ከኦክላንድ ገዢ ጋር በዶላር ይወዳደር ሊል አይችልም። የኪንዋም ታሪክ ያስጠነቅቃል፤ ዋጋው በ2013ና በ2014 ጣራ ነክቶ፣ ሌሎች ሲዘሩት በ2015 ወደቀና የቦሊቪያ ገበሬ ባዶ እጁን ቀረ። ነገር ግን ክልከላው የሚጠብቀው ኩንታሉን ነው። የእህሉን በር ስንዘጋ የዕውቀቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።

የማሳው ዕውቀት በከፊል ተጽፏል። የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል በ2006 ያወጣው «ቁንጮ» የተባለው ዝርያ ከየትኞቹ ዝርያዎች እንደተዳቀለ፣ ማን እንደሠራው በወረቀት ላይ አለ፤ ነገ አንድ ሰው «የእኔ ነው» ቢል መልሱ ዝግጁ ነው። ስለ እርሾውም የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች አሉ። ያልተጻፈው ባልትናው ነው። ስንት ቀን? በምን ያህል ውሃ? አብሲቱ መቼ ይመለሳል? የትኛው ጤፍ ለየትኛው ወፍጮ? ይህን የሚያውቁት እናቶቻችን ናቸው፤ የሚጠይቃቸውም የለም።

እዚህ ደግሞ ስደቱ ራሱ አዲስ ዕውቀት ፈጥሯል። በዚህ አካባቢ ቤታቸው የሚጋግሩ ሴቶች ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አይዋ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ የተሠራውም ለእኛ አይደለም። ከኖርዌይ የመጡ የሚኒሶታና የአይዋ ሰዎች ለሌፍሳ፣ ማለትም ለድንች ቂጣቸው ያዘጋጁት ነው። ሌፍሳን ከእነርሱ በቀር አሜሪካ ውስጥ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ግን ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ አንዲት ሐበሻ አይታ «ይህማ ምጣድ ነው» አለች። ከዚያ ደግሞ የአይዳሆ ጤፍ ከአገር ቤቱ ጋር እንዴት እንደሚለያይ፣ ገብስ ሲቀላቀልበት ዓይኑ እንዴት እንደሚያምር፣ የኦክላንድ ጭጋግና የሳን ሆዜ ሙቀት ሊጡን እንዴት እንደሚያፈጥነውና እንደሚያዘገየው፣ ሁሉም በየቤቱ ተሞክሮ ተደርሶበታል። አንድም መስመር አልተጻፈም።

ኦክላንድ ያሉ አንዲት እናት ለብዙ ቤት ይጋግራሉ። ባለፈው ሄጄ «እትዬ፣ ሊጡን ስንት ሰዓት ያቆዩታል?» አልኳቸው።

«ሲደርስ ራሱ ያስታውቃል፣ ልጄ» አሉኝ።

«ቢሆንም በሰዓት ቢነግሩኝ?»

ሳቁብኝ። ቴርሞሜትሬን ከኪሴ ሳወጣማ ባሰ። እኔ ግን ጻፍኩት፤ ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ተቦካ፣ የወጥ ቤቱ ሙቀት 64 ፋራናይት፣ ሐሙስ ጠዋት ውሃው ቋጠረ፣ አብሲት ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ሁለተኛው ረድፍ ከሳን ሆዜ ይሆናል፤ እዚያ የሚጋግሩትን ሴት አነጋግሬአለሁ፣ ቅዳሜ ኑ ብለውኛል።