«ጠባዩ ተበላሸ» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ሰሞን ቃሊቲ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንዲት እናት ስለ ልጇ ለጓደኛዋ ስትነግራት ሰማሁ። ልጁ 9 ዓመቱ ነው። ካዛንቺስ ሳሉ ቦርሳውን ወርውሮ ለኳስ የሚሮጥ ልጅ ነበር። ገላን ጉራ ከገቡ ወዲህ ግን ከቤት አይወጣም። በትምህርት ቀን ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ቅዳሜና እሁድ አያመውም። ከተወው ዓመታት ያለፉት አልጋ ላይ መሽናትም ተመልሶ መጥቷል። «ገረፍኩት፣ ለመንኩት፣ ምንም ለውጥ የለም» አለች። ጓደኛዋም «ጠባዩ ተበላሽቶ ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል» አለቻት።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካዛንቺስ ከተነሱት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ወደ አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ጉራ መጥተዋል። ስለ ቤቱ፣ ስለ ትራንስፖርቱ፣ ስለ ገበያው ብዙ ተብሏል። መነሳቱ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ክርክር ለዛሬ ልተወው። የእኔ ጥያቄ ስለ ልጆቹ ነው። ዕቃ ሲጫን አልጋውና ቁም ሳጥኑ ተቆጥሯል። ልጁ ትቶት የመጣውን ጓደኛ፣ አስተማሪና የሰፈር ሜዳ ግን የቆጠረለት የለም።

«እኛስ ያደግነው በየትኛው አማካሪ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ምክር የሚባል ቢሮ አልነበረንም። ግን አያት ነበሩን። ፊታችን ጠቆር ሲል «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ብለው እናታችንን የሚጠይቁ ጎረቤት ነበሩን። አንድ ልጅ ዝም ሲል ሰፈሩ ያውቅ ነበር። አዲስ መንደር ላይ ግን ጎረቤት ገና ስም እየተጠያየቀ ነው። እናት ወደ ቀድሞ ሥራዋ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ አባት ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ያድራል። ድሮ ሰፈሩ ሳያስበው ያደርገው የነበረውን፣ አሁን እኛ አስበንበት ማድረግ አለብን።

ታዲያ ልጅ ምክር እንደሚያስፈልገው በምን ይታወቃል? የእኔ መልስ ቀላል ነው፦ ልጁን ከእህቱ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር አወዳድሩት። ከተፈጥሮው ዝምተኛ የሆነ ልጅ ዝም ቢል አያስደነግጥም። ተጫዋች የነበረው ዝም ሲል ግን አንድ ነገር አለ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛ፣ ምን ተለወጠ? እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ንዴቱ፣ የትምህርት ውጤቱ፣ ጨዋታው? ልጅ «ጭንቀት ያዘኝ» አይልም። የሚለው «ሆዴን» ወይም «ራሴን አመመኝ» ነው። ሕመሙ ውሸት አይደለም፤ የተጨነቀ ልጅ ሆዱን ከልቡ ያመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ አስመርምሩት፤ ምንም ካልተገኘ ጭንቀቱን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ ቆየ? ሰፈር የቀየረ ልጅ ቢያለቅስ፣ ቢናፍቅ ወግ ነው፤ ሐዘን ሁሉ በሽታ አይደለም። ከሁለት ሳምንት አልፎ ከቀጠለ ወይም እየባሰ ከሄደ ግን «ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ከምን አስቀረው? ከትምህርት፣ ከጓደኛ፣ ይወደው ከነበረው ጨዋታ ካስቀረው ጉዳዩ ከአመል አልፏል።

ሁለት ሳምንት የማይጠበቅበት ነገርም አለ። ልጅ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ፣ ራሱን ከጎዳ፣ ወይም ማንም ያላየውን አየሁ፣ ያልሰማውን ሰማሁ ማለት ከጀመረ፣ ዕለቱኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ብቻውን አትተዉት። በረኪናውን፣ የአይጥ መርዙንና መድኃኒቱን ከእጁ አርቁ። «ለማስፈራራት ነው» አትበሉ። ስለ ሞት በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብቻውን የተሸከመውን እንዲያወርድ ያግዘዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። በዚህ ስሌት 50 ተማሪ ባለበት ክፍል 7 ያህል ማለት ነው። አስተማሪው የሚያውቀው የሚረብሸውን ነው። ኋላ ወንበር ላይ ድምፁን አጥፍቶ የተቀመጠው «ጨዋ ልጅ» ይባልና ይታለፋል።

ሌላው መሰናክል አፋችን ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ስንት ዘመን ሰው ያከመ ቤት ሆኖ ሳለ፣ ስሙን ስድብ አደረግነው። «አማኑኤል ይግባ» እየተባለ ያደገ ወላጅ ልጁን ለምክር ቢወስድ እብድ የሚባልበት ይመስለዋል። ምክር ግን ልጁ ከሠለጠነ ሰው ጋር የሚያወራበት፣ የሚጫወትበት፣ የሚሥልበት፣ ወላጅም ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚማርበት ነው። ጸበሉም፣ ዱዓውም፣ ጸሎቱም ይቀጥል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ከየት ይጀመር? ከክፍል አስተማሪው። «ልጄን ከድሮው ማን ጋር ይቀመጣል? በእረፍት ሰዓት ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፋል።

የክፍለ ከተማው ኃላፊዎችም ይህን ቢያስቡበት እላለሁ፦ ተነሺ ልጆች በበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ሥራው ምክር ብቻ የሆነ አንድ የሠለጠነ ሰውና በር ያለው ትንሽ ክፍል ይኑር። አስፋልትና ሕንፃ ለሠራ ከተማ ይህ ብዙ ወጪ አይደለም።

የዚያን ዕለት ለእናትየው ምንም አልተናገርኩም። ታክሲው መጣ፣ ተጋፍተን ገባን፣ ተለያየን። ተናግሬ ቢሆን ኖሮ የምላት ይህን ነበር፦ እህቴ፣ ልጅሽ አልባለገም። ዛሬ ማታ ዱላውን አስቀምጪና አጠገቡ ቁጭ ብለሽ «ካዛንቺስ ማን ናፈቀህ?» በይው። መልሱን ሳታቋርጪ ስሚው። ነገ ጠዋት ደግሞ አስተማሪውን ጠይቂ።