«ከዚህ በፊት አልተጠናም» የሚሉት ውሸት

በየዩኒቨርሲቲው በሚቀርቡ ፕሮፖዛሎች ውስጥ አንድ የተለመደ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «በዚህ ርዕስ ላይ ከዚህ በፊት የተሠራ ጥናት የለም»። ትርጉሙ ብዙ ጊዜ «ጎግል ላይ አጣሁት» ማለት ነው። ያው ጉዳይ ከዓመታት በፊት ተጠንቶ እዚያው ግቢ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቧራ ለብሶ ሊሆን ይችላል። ማን ፈለገው?

ሰበቡ ይታወቃል፦ «ቴሲስ የተማሪ ሥራ ነው፤ አልታተመም፤ አይጠቀስም።»

የታሪክ ጥናት ግን ሌላ ይመሰክራል። ታደሰ ታምራትና መርዕድ ወልደ አረጋይ ሁለቱም ዶክትሬታቸውን የሠሩት ለንደን፣ ሶአስ ነው። የታደሰ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 በኦክስፎርድ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ከ1508 እስከ 1708 ስለነበረው ደቡብ ኢትዮጵያና ስለ ክርስቲያናዊው መንግሥት የሚተርከው የመርዕድ የ1971 ሥራ ግን በቴሲስነቱ ቀረ። ቢሆንም ስለዚያ ዘመን በቁም ነገር የሚጽፍ ሰው ዛሬም ሳይጠቅሰው አያልፍም።

በእርግጥ ደካማ ቴሲስ ሞልቷል። ታዲያ መድኃኒቱ መደበቅ ነው? ማንም እንደማያነበው የታወቀ ቴሲስ የሚመቸው ለኮራጅና በገንዘብ ለሚያጽፍ ነው። ሥራው አደባባይ እንደሚወጣ የሚያውቅ ተማሪ ይጠነቀቃል፤ አማካሪውም እንዲሁ።

የዚህ ሁሉ ዕዳ ከፋይ መጠይቅ የሚሞላው ሰው ነው። ገበሬው እርሻውን፣ ነርሷ ሥራዋን አቋርጠው ያንኑ ጥያቄ ለሦስተኛ ተማሪ ይመልሳሉ። የመጀመሪያው ያገኘውን ሦስተኛው አያውቅም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት የሚያስነብብበት ቋት አለው፤ ከዚያ ይጀመር። አንድ ተዛማጅ ቴሲስ ከተገኘ የዋቢ ዝርዝሩ ወደ ሌሎች ይመራል። ኢንተርኔት ላይ የሌለውን ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጠየቅ ነው። የተገኘውም መግቢያውና ማጠቃለያው ብቻ ሳይሆን መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበ ይነበብ፤ የሚታመነው ከማይታመነው የሚለየው እዚያ ነው።

አማካሪዎችም «የለም» የሚለውን ቃል ሲያዩ «የት የት ፈለግህ?» ይበሉ። መልስ ከሌለ ፕሮፖዛሉ ይመለስ።

ጋን በጠጠር ይደገፋል። ጠጠሩን አርቆ ጥሎ «ጋኑ ለምን ወደቀ?» ማለት ግን የተማረ ሰው ሥራ አይደለም።