በበዓለ ኃምሳ ሽሮውን ከማዕድ አታንሱ

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ የማኅበሬ ሰዎች፤ ፋሲካ ሳይገባ የምላችሁ አለኝና ስሙኝ። ሁላችንም ስልሳን አልፈናል፤ ሆዳችን እንደ ጉብዝናችን ዘመን ሁሉን አይችልም።

ሁዳዴን 55 ቀን በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመን እንዘልቃለን። ለትንሣኤ ዶሮውም ቅቤውም ይገባል፤ በዓል ነው። የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው 50 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ተፈትቷል ብለን ጥራጥሬውን እስከ ጰራቅሊጦስ እንረሳዋለን።

ትልቁ አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እኛ መፍጨት የሚያቅተንን የምስሩንና የጎመኑን አሰር እነሱ ያብላሉትና ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ፤ የአንጀታችን ግድግዳ የሚመገበው በዋናነት እሱን ነው። አሰሩ ሲቀርስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት፣ አሰር የተነፈጉ አይጦች አንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ግድግዳውን የሚሸፍነውን ዝልግልግ ንፍጥ መብላት ጀመሩ። ሽፋኑ ሳሳ፤ ለበሽታም በር ተከፈተ።

ይህ ዓመታት የሚፈጅ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት የፒትስበርግ ጥቁር አሜሪካውያንንና የደቡብ አፍሪካ ገጠር ሰዎችን፣ ከየወገኑ 20፣ ምግብ አለዋወጣቸው። ሥጋና ስብ የበዛበት የቀረበላቸው አፍሪካውያን ቡቲሬታቸው ቀነሰ፤ የአንጀታቸው ሽፋን ላይም የመቆጣት ምልክት ታየ። አሰር የበሉት አሜሪካውያን ተሻላቸው። ይህ ሁሉ የሆነው በ2 ሳምንት ነው። እኛ ግን ሰባት ሳምንት እንቆይበታለን።

«እንጀራው እርሾ አለው፣ ይበቃናል» የምትሉ አላችሁ። ሊጡን ያቦኩት ተሕዋስያን ምጣድ ላይ ያልቃሉ፤ የሚተርፈን የጤፉ አሰር ነው፤ እሱንም በሩዝ ዱቄት እያሳሳነው ነው። ጾማችን ራሱ ፓስታና ፉርኖ ዳቦ እየሆነ መጥቷል።

አምና የቀበርነውን ወንድማችንን አስቡት። ሆዱ በደረቀ ቁጥር «አሜባ ነው» እያለ ያለ ማዘዣ ሜትሮኒዳዞል ይገዛ ነበር፤ እኔ የማውቀው ሦስት ጊዜ ነው። ያ ኪኒን አሜባን ለይቶ አይመታም፤ ከሚጠቅሙን ባክቴሪያዎችም ብዙዎቹን ይገድላል። ሰገራው ላይ ደም ሲያይ ነውር መስሎት ለባለቤቱ እንኳ አልተናገረም። ለእኔ የነገረኝ ደጀ ሰላም ተቀምጠን፣ ጋቢውን እስከ አፉ ስቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር፤ ሐኪሞቹ ጋ ሲደርስ ጉበቱን ይዞታል።

በበዓለ ኃምሳ ሽሮ መብላት መጾም አይደለም፤ ሥርዓትም አያፈርስም። ከዶሮው ጎን ይቅረብ፣ ጎመኑም ይጨመር። ከጥራጥሬ የራቃችሁ በጥቂቱ ጀምሩ፣ ውኃም ጠጡ፤ ድንገት ካበዛችሁት ይነፋችኋል። አሜባ መሆኑ በምርመራ ሳይረጋገጥ ኪኒን አትዋጡ።

ደም ያየ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ይንገረኝ። ለማንም አልናገርም፤ ነገ ጠዋት አብሬው ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።