የበርሜላችን ክዳንም የወባ መከላከያ ነው

ዛሬ ስለ ወባ ነው የማወራችሁ። «እኛ እኮ ከተማ ነው የምንኖረው፤ ከወባ ጋር ምን ያገናኘናል?» ብላችሁ ልታልፉት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ጽሑፉ በተለይ ለእናንተ ነውና አንብቡት።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ስለ ወባ የወጡ ጥናቶችን አንድ ላይ ስናያቸው፣ ትንኟም በሽታው የሚያመጣው ተህዋሲም ተለውጠዋል። የእኛ ልማድ ግን እዚያው እንደቆመ ነው። ከተማ ውስጥ ወባን የምንከላከለው በአጎበር ብቻ ሳይሆን ውሃ በምናጠራቅምባቸው ዕቃዎች ጭምር መሆን አለበት። ይህ ደግሞ የቤተሰብ ኃላፊነት ብቻ አይደለም፤ ውሃ በፈረቃ የሚያድሉንም ድርሻ አላቸው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀላል ነገር አይደለም የምናወራው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ተይዟል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። በጊዜ ከታወቀ በሦስት ቀን መድኃኒት በሚታከም በሽታ!

ከውጭ የመጣችው ትንኝ

አገራችን ውስጥ ወባን በዋናነት ስታስተላልፍ የኖረችው ትንኝ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ትባላለች። ጠባይዋን እናውቀዋለን። ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ሜዳ ላይ በታቆረ ውሃና የከብት ኮቴ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ትራባለች። «ወባ የቆላ፣ የገጠር፣ የክረምት ማግስት በሽታ ነው» የምንለው ከእሷ ጠባይ ተነሥተን ነው። አነጋገሩ ለዘመኑ ልክ ነበር።

አሁን ግን ሌላ መጥታለች። ስሟ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ነው። መኖሪያዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነበር። በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ታየች። በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ከተማ ተገኘች። ከዚያ ተመራማሪዎች ፍለጋ ሲወጡ ድሬዳዋም፣ ጅግጅጋም፣ ሰመራም፣ አዋሽ ሰባት ኪሎም፣ ባቲም ላይ አገኟት።

ይቺ ትንኝ የከተማ ኑሮ የተመቻት ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ሰው በሚያጠራቅመው ውሃ ላይ ነው፦ በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ። ዝናብ አትጠብቅም። እንዲያውም በጋ ሲሆንና ቧንቧው ሲደርቅ ሰው ውሃ አብዝቶ ስለሚያጠራቅም፣ ለእሷ መራቢያው ያን ጊዜም አይጠፋም።

ጅቡቲ በ2012 የመዘገበችው የወባ ታማሚ 27 ነበር። በ2020 ቁጥሩ ከ73,000 በላይ ሆነ። ለዚህ ሁሉ ትንኟ ብቻዋን ተጠያቂ ናት ማለት ባይቻልም፣ ከተማ ውስጥ የሚራባ አስተላላፊ ሲገባ ምን ሊከተል እንደሚችል ግን ያሳያል።

የእኛው ምሳሌ ድሬዳዋ ናት። ከጥር እስከ ግንቦት 2019 የተመዘገበው የወባ ታማሚ 205 ነበር። በ2022 በተመሳሳይ ወራት ከ2,400 በላይ ሆነ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው ወረርሽኙን አጠኑ፤ ውጤቱም በ2023 «ኔቸር ሜዲስን» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። በአካባቢው ከተያዙት አዋቂ ትንኞች አብዛኞቹ ስቴፈንሲ ነበሩ። የታማሚዎቹ ቤት ካልታመሙት ይልቅ የስቴፈንሲ እጭ ወዳለበት ውሃ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ወረርሽኙ ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ ነበር። ገጠርም አይደለም፣ ረግረግም አይደለም። ዶርም ነው!

ምርመራው ያላየው ወባ

ሁለተኛው ለውጥ ተህዋሲው ላይ የመጣው ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ከጣታችሁ ጠብታ ደም ተወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚነገራችሁ ፈጣን ምርመራ አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ፋልሲፓረም የሚባለውን ዋናውን ገዳይ ወባ የሚለዩት ኤች አር ፒ ቱ የሚባል ፕሮቲን ደም ውስጥ በመፈለግ ነው። አንዳንዱ ተህዋሲ ታዲያ ፕሮቲኑን የሚያሠራውን ጂን ጥሎታል። ሌባን በቀይ ጃኬቱ ስንፈልገው ጃኬቱን አውልቆ በአጠገባችን እንደማለፍ ቁጠሩት።

ይህ በመጀመሪያ በ2010 ከፔሩ ሪፖርት ተደረገ። እኛ ጋ ደግሞ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዶ በ2021 ታተመ። ከፋልሲፓረም ታማሚዎቹ 10 በመቶ የሚጠጉት ጂኑ ስለጠፋ በዚያ ምርመራ ሊያመልጡ የሚችሉ ሆነው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ከ5 በመቶ ሲያልፍ የምርመራው ዓይነት ይቀየር ይላል።

እዚህ ላይ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ምርመራው ያላየው ሰው «ወባ የለብህም» ተብሎ ያለ መድኃኒት ቤቱ ይመለሳል። ትንኝ ትነክሰዋለች፤ ያንኑ ጂን የሌለውን ተህዋሲ ለጎረቤቱ ታደርስለታለች። የተገኘበት ሰው ግን ይታከማል፤ የእሱ ተህዋሲ ይሞታል። በዚህ መንገድ ያመለጠው እየበዛ ይሄዳል። ድሬዳዋ ላይ በተገኘው ተህዋሲም ውስጥ ይኸው የጂን መጥፋት ታይቷል።

መድኃኒቱም ላይ ምልክት አለ። ኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ከአርቴሚሲኒን ወገን ነው። ኬልች 13 በሚባል ጂን ላይ የሚመጣ አንድ ለውጥ ተህዋሲው በዚህ መድኃኒት ቶሎ እንዳይጠፋ ያደርገዋል። ኤርትራ ውስጥ ይህን ለውጥ የያዘው ተህዋሲ በ2016 ከ8.6 በመቶ ተነሥቶ በ2019 ወደ 21 በመቶ አድጓል። ለውጡ እኛም አገር አለ። ይህ ማለት «ኮአርተም አይሠራም» ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብላችሁ እንዳታወሩብኝ! ሁለተኛው መድኃኒት አብሮ ያለው ለዚሁ ነው። ግን ከፋርማሲ ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ «ተሻለኝ» ብሎ መተው ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍለን ከዚህ ይገባችኋል።

አጎበሩም ተሻሽሏል፤ ግን…

መልካም ዜናም አለ። አሁን የሚሠሩት አዳዲስ አጎበሮች በክራቸው ላይ ሁለት ዓይነት ኬሚካል የያዙ ናቸው። የድሮውን ኬሚካል ብዙ ትንኞች ስለተላመዱት፣ ክሎርፌናፒር የሚባል ተጨምሮበታል። ይህኛው የትንኟን የሰውነት ኃይል ማመንጫ ነው የሚያጠፋው። ታንዛኒያ ውስጥ ሁለት ዓመት በተከታተለ ጥናት፣ እንዲህ ባለው አጎበር ሥር የሚተኙ ልጆች በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከድሮው አጎበር ጋር ሲነጻጸር ከ40 በመቶ በላይ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ደግፎታል። ለሕፃናት የሚሰጡ ሁለት ክትባቶችም በ2021 እና በ2023 ይሁንታ አግኝተዋል።

ጅቡቲ ደግሞ በ2024 ጂናቸው የተለወጠ ወንድ የስቴፈንሲ ትንኞችን መልቀቅ ጀምራለች። ወንድ ትንኝ አይነክስም። ከዱር ሴቶች ጋር ሲራባ የሚወለዱት ሴቶች ሳያድጉ ይሞታሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ውጤቱን በጉጉት ነው የምጠብቀው።

ነገር ግን ስቴፈንሲ ሰው ሳይተኛ፣ ገና በአመሻሹ፣ ውጪ በረንዳ ላይ ቁጭ ባለበትም ትነክሳለች። ከነከሰች በኋላም ሁልጊዜ የሰው ቤት ግድግዳ ላይ አታርፍም፤ የከብትና የፍየል በረት ውስጥም ትገኛለች። ስለዚህ አጎበርም የቤት ውስጥ ርጭትም ብቻቸውን አይበቋትም። የቀረን እንቁላል የምትጥልበትን ውሃ መከልከል ነው። ለዚህ ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ክዳን ይበቃል። ሰው ግን «ክዳን» ሲባል ሕክምና አይመስለውም። በኔ እምነት ትልቁ ስሕተት ይኼ ነው።

«ዶክተር፣ ውሃ በሳምንት አንዴ ለሚመጣለት ሰው…»

አዎ፣ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። ቧንቧው በሳምንት አንዴ ለሚመጣላት እናት «ውሃሽን ድፊ» ማለት ቀልድ ነው። እኔም እንደዚያ አልልም። ክደኚው ነው የምለው። ሰው በርሜል የሚሞላው ወዶ አይደለም። ውሃ ሲቆራረጥ ሰው ያጠራቅማል፤ ያጠራቀመው ላይ ትንኝ ትራባለች። ስለዚህ የውሃ መስመር መዘርጋትና ፈረቃውን ማሳጠር የወባ መከላከል ሥራ ነው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። የከተማ ጤና ቢሮና የውሃ አገልግሎት ስለ ወባ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። የወባ በጀት ሲያዝም አጎበርና ኬሚካል ብቻ ሳይሆን ክዳንና ወንፊትም ይታሰብ።

ሕግም ይረዳል። ሕንድ ይቺን ትንኝ ከመቶ ዓመት በላይ ታውቃታለች። በሙምባይ ከተማ የውሃ ታንከር ትንኝ በማያስገባ ክዳን እንዲዘጋ በሕግ ይጠየቃል። እኛ ጋ የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ያለ ክፍት ሮቶ የማነው? የማንም። ፎቅ እያሠራ ገንዳ ሙሉ ውሃ ለወራት የሚያቆመውን ባለቤትስ ማን ይጠይቀዋል? የነዋሪዎች ማኅበራት፣ ቀበሌዎችና የግንባታ ፈቃድ ሰጪዎች ይህን ሥራቸው ሊያደርጉት ይገባል።

ደግሞ ትርፍ አለው። ዴንጊና ቺኩንጉንያ የሚያስተላልፈው ኤደስ የሚባለው ትንኝም በእነዚሁ ዕቃዎች ውስጥ ነው የሚራባው። ድሬዳዋ በ2013 በዴንጊ፣ በ2019 በቺኩንጉንያ የተመታችው በዚህ ነው። አንድ ክዳን ሦስት በሽታ!

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ውሃ ያለበትን ማንኛውንም ዕቃ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ። ክዳን ከሌለ ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ ጨርቅ ወይም ወንፊት ሸፍናችሁ በገመድ እሰሩት።

2. በሳምንት አንድ ቀን፣ ውሃው ሲያልቅ፣ በርሜሉን ውስጡን በብሩሽ ፈትጋችሁ እጠቡ። የኤደስ እንቁላል ግድግዳው ላይ ስለሚጣበቅ ማለቅለቅ ብቻ አይበቃም። ከእንቁላል እስከ አዋቂ ትንኝ ያለው ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው፤ በየሳምንቱ ካጠባችሁ ክንፍ ሳታወጣ ትቀራለች።

3. አሮጌ ጎማ፣ የተሰበረ ባልዲ፣ ጣሳ ግቢ ውስጥ አታስቀምጡ።

4. አጎበሩን አትተዉት። ስታጥቡት በቀላል ሳሙና እጠቡ፤ ፀሐይ ኬሚካሉን ስለሚጎዳው ጥላ ላይ አስጡት።

5. ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ካለ ቶሎ ተመርመሩ። የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ከተማዋ ከፍታዋ ቢጠብቃትም እናንተ ትጓዛላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም ሄዳችሁ ድሬዳዋ አድራችሁ ከሆነ፣ ለሥራ አፋር ወርዳችሁ ከሆነ፣ ለሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። ወባ ከተነከሳችሁ ከሳምንታት በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከወራትም በኋላ።

6. ፈጣን ምርመራው «ኔጌቲቭ» ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ ተመለሱ። «በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ» ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። በራሳችሁ ግን መድኃኒት አትጀምሩ። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም።

7. ኮአርተም ከታዘዘላችሁ በሦስት ቀን ስድስቱንም ጊዜ ጨርሱ። ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል።

8. መደናገር፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ልጅ ከሆኑ ደግሞ ተራ ትኩሳትም ቢሆን «እስኪነጋ» አይባልም።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በርሜላችሁ ውስጥ ተመልከቱ። ውሃው ላይ አግድም ተንሳፎ የሚተኛ ትንንሽ ትል መሰል ነገር ካያችሁ የአኖፊለስ እጭ ሊሆን ይችላል። ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ የሚንጠለጠል ከሆነ የእነ ኤደስ ወገን ነው። ፎቶ አንሡና በአቅራቢያችሁ ላለው ጤና ጣቢያ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አሳዩ። ውሃውን ድፉት፤ አፈር ላይ እንጂ ሌላ ውሃ ላይ እንዳይሆን። ምን እንዳገኛችሁ እዚህ ጻፉልን። ግቢ የምትጋሩት ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ይህን አሁኑኑ ላኩላቸው፤ የእናንተ በርሜል ተከድኖ የእነሱ ክፍት ከሆነ ትንኟ አጥር አይገድባትም።

ጤናችሁ ይብዛ!